ቆሻሻ ሰብሳቢ መኪና የሌላት ወረዳ

በጃፓን አገር ሺኮኩ በተባለችው ደሴት ላይ፣ በቶኩሺማ ክፍለ ሀገር ተራሮች መካከል፣ ካሚካትሱ የምትባል የገጠር ወረዳ አለች። ወረዳ እንበላት እንጂ የሕዝቧ ብዛት ዛሬ 1,400 ገደማ ነው፤ ከእኛ አገር ከአንድ ቀበሌ ያንሳል። አብዛኛው መሬቷ ደን ነው፣ እርሻዋም በተዳፋት ላይ በእርከን የተያዘ ነው። ከነዋሪዎቿ ከግማሽ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ነው። ይህች ወረዳ ቆሻሻ የሚሰበስብ መኪና የላትም፤ ኖሯትም አያውቅም። ይሁን እንጂ ከየቤቱ ከሚወጣው ቆሻሻ 80 በመቶ ያህሉ ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል። የጃፓን አገር አማካይ 20 በመቶ አካባቢ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከቆሻሻ ሳይሆን ከውርጭ ነው። ገበሬው ይተዳደርበት የነበረው መንደሪን በ1981 በየካቲት ወር በወረደ ከባድ ውርጭ ተመትቶ ዛፎቹ ደረቁ። በዚያን ጊዜ በወረዳዋ የግብርና ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ዮኮይሺ ቶሞጂ የሚባል፣ ከግብርና ኮሌጅ ከወጣ ብዙ ያልቆየ ወጣት ባለሙያ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ዮኮይሺ አንድ ቀን በኦሳካ ከተማ ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ወጣት ሴቶች ለጌጥ ከምግቡ ጋር የቀረበውን የቀላ ቅጠል አንስተው ሲያደንቁ ተመለከተ። ይህ ቅጠል በካሚካትሱ ጫካ የትም ወድቆ የሚበሰብስ ነው። በ1986 ማኅበሩ ቅጠል ለገበያ ማቅረብ ጀመረ። ሐሳቡን መጀመሪያ የተቀበሉት ጥቂት ሴት ገበሬዎች ብቻ ነበሩ፤ ሌላው ሰው ቅጠል ገንዘብ ይሆናል ብሎ አላመነም። ባለሙያውም ምግብ አብሳዮች የሚፈልጉትን መጠንና ቀለም ለማወቅ ደመወዙን እየከፈለ በየምግብ ቤቱ ዞረ። ሥራው ቀስ በቀስ የአረጋውያን እናቶች የገቢ ምንጭ ሆነ፤ የዓመት ሽያጩም ከ200 ሚሊዮን የን በላይ የደረሰበት ጊዜ አለ። የወደቀ ነገር ገዢ ከተገኘለት ዕቃ እንደሚሆን ወረዳዋ ከቆሻሻው ሥራ በፊት ያየችው በዚህ ነው።

የቆሻሻው ጉዳይ ግን በበጎ ፈቃድ የተጀመረ አይደለም፤ ይህን ሳይሸፍኑ መናገር ይገባል። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ነዋሪው የማይፈልገውን ሁሉ፣ አሮጌ የቤት ዕቃ ሳይቀር፣ በአንድ ጉድጓድ ጥሎ ያቃጥል ነበር። ይህ እንዲቆም ሲታዘዝ ወረዳዋ በ1998 ሁለት አነስተኛ የቆሻሻ ማቃጠያ ምድጃዎች ተከለች። ወዲያው ደግሞ ዳይኦክሲን የተባለውን መርዝ የሚቆጣጠር ሕግ በ1999 ወጣ። ይህ መርዝ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክና ሌላ ቆሻሻ በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል የሚፈጠር ነው። የካሚካትሱ ምድጃዎች ሕጉ የሚጠይቀውን ደረጃ ማሟላት ስላልቻሉ ሦስት ዓመት እንኳ ሳያገለግሉ ተዘጉ። የተሻለ ምድጃ ለመትከል የወረዳዋ አቅም አልፈቀደም።

ሠራተኞቹ ያገኙት መውጫ መለየት ነበር። በ1997 የተጀመረው 9 ዓይነት መለያ በ2001 ወደ 30ዎቹ አጋማሽ ደረሰ፣ በኋላም 45 ሆነ። ቁጥሩ ለሰሚው የቢሮክራሲ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዓይነት ተቀባይ የተገኘለት ዕቃ ነው። ጋዜጣ ለብቻ፣ ካርቶን ለብቻ፣ የወተት ማሸጊያ ለብቻ፣ ጠርሙሱም በየቀለሙ ነው። ተቀላቅሎ ማንም የማይፈልገው ወረቀት ተለይቶና ታጥቦ ሲቀርብ ዋጋ ያወጣል፤ ይህ የቡና ወይም የሰሊጥ ደረጃ የሚያውቅ የማኅበር አባል የማይስተው ነገር ነው። በመለያ ጣቢያው በየሣጥኑ ላይ ዕቃው የት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚሠራበት፣ በኪሎ ስንት እንደሚያስገኝ ወይም ስንት እንደሚያስወጣ ተጽፏል።

የወጥ ቤት ትራፊ ግን ወደ ጣቢያው አይመጣም። ከቆሻሻው ክብደት ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው እርጥብ ትራፊ ስለሆነ፣ ወረዳዋ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለኮምፖስት ማዘጋጃ ዕቃ የዋጋ ድጎማ እየሰጠች እያንዳንዱ ቤተሰብ በጓሮው እንዲያበሰብስ አደረገች። ኮምፖስት ላዘጋጀ ገበሬ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እርጥቡ ከተለየ የቀረው አይሸትም፣ ለመለየትም አያስቸግርም።

ሕዝቡ ይህን ሁሉ በደስታ አልተቀበለም። የማጠቡ፣ የማድረቁና በራስ መኪና ወደ ጣቢያው የማመላለሱ ድካም በተለይ ለሽማግሌ ቀላል አይደለም። ሠራተኞቹ በየመንደሩ እየሰበሰቡ አስረዱ፤ መኪና ለሌላቸው አረጋውያንም በየሁለት ወሩ ከቤታቸው የሚያነሳ አገልግሎት ተደራጀ። እዚህ ላይ ድጋፍ ባይታሰብ ኖሮ መመሪያው ወረቀት ላይ በቀረ ነበር።

በ2003 ካሚካትሱ ከጃፓን ወረዳዎችና ከተሞች የመጀመሪያዋ በመሆን፣ እስከ 2020 ድረስ የሚቃጠልና የሚቀበር ቆሻሻ እንዳይኖራት እንደምትጥር በይፋ አወጀች። በ2006 ነዋሪው የማይፈልገውን ደህና ዕቃ የሚተውበት፣ ሌላውም በነጻ የሚወስድበት ሱቅ ተከፈተ። በ2020 ደግሞ ከላይ ሲታይ የጥያቄ ምልክት ቅርጽ ያለው አዲስ ማዕከል ተሠራ። ዕቅዱ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳካም፤ 20 በመቶ ያህሉ ቀርቷል። የቀረውም የሕፃናትና የአረጋውያን ዳይፐር፣ ጫማ፣ ቆዳ፣ ጎማ፣ እንዲሁም ከተለያየ ነገር ተጣብቆ የተሠራ ዕቃ ነው። እነዚህን አንዲት ሴት በጓሮዋ ብትለይም ብታጥብም የሚረከባት የለም፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ከፋብሪካው ነው። ወረዳዋ በ2020 መጨረሻ እስከ 2030 የሚዘልቅ ሁለተኛ መግለጫ ስታወጣ ዳይፐሩና ጎማው አሁንም በጣቢያው እየተሰበሰበ ለመቃጠል ወደ ውጭ ይላክ ነበር።