በርበሬ ወደ ቆላችን እንዴት መጣ? ለጤናስ ምን ይፈይዳል?

የማኅበራችን በርበሬ የሚታሸግበት ላስቲክ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ጉዳይ ብዙ አከራክሮናል። ከፊሎቻችን «ደም ያጠራል፣ ውፍረት ይቀንሳል፣ ለልብ ይበጃል ተብሎ ይጻፍ፤ ገዢ ይበዛልናል» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ጨጓራ የሚልጥ ነገር እየሸጥን እንዴት መድኃኒት ነው እንላለን?» ብለን ተቃወምን። ሁለታችንም የምንናገረው የሰማነውን እንጂ ያጣራነውን አልነበረም። ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት እንጠይቅ፣ እናንብብ፣ ትልልቆቹን እናዳምጥ ተባባልን። ያገኘነውን ለአባሎቻችንና ለሚደግፉን ወዳጆቻችን እነሆ።

መጀመሪያ የገረመን የበርበሬ አገሩ ኢትዮጵያ አለመሆኑ ነው። በየቤታችን ከአዳም ጀምሮ የነበረ ይመስለናል። ተክሉ ግን የተገኘው በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ የህንዱ ቁንዶ በርበሬ ነበር፤ ያገኘው ግን ይህንን ቀይ ፍሬ ሆነ። ከዚያ በኋላ የስፔንና የፖርቱጋል መርከቦች ዘሩን ወደ አውሮፓ፣ ወደ አፍሪካና ወደ ህንድ ዳርቻዎች አደረሱት። ወደ አገራችን የገባውም ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ የአክሱምም ሆነ የላሊበላ ነገሥታት ዛሬ የምናውቀውን ቀይ ወጥ አልቀመሱም ማለት ነው። የጥንት እናቶቻችን ወጥ የሚያሞቁት በቁንዶ በርበሬ፣ በጥምዝ፣ በዝንጅብልና የገዛ ጫካችን በሚያበቅለው ኮረሪማ ነበር። አዲሱ ፍሬ ሲመጣ እነዚህን አላባረራቸውም። ከነጭ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር አንድ ሙቀጫ ውስጥ ገብተው የዛሬው በርበሬ ተወለደ። ፍሬው የእንግዳ ቢሆንም ድለዛው የእናቶቻችን ጥበብ ነው።

ወደ እኛ ቆላ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ነው የደረሰው። የቦረናና የጉጂ አርብቶ አደር ምግብ ወተት፣ ቅቤና ሥጋ ነው፤ ለእንግዳና ለምርቃት በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬ፣ ቡና ቀላ፣ ይቀርባል። በዚህ ማዕድ ላይ በርበሬ ቦታ አልነበረውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአፄ ምኒልክ ሠራዊት ወደ ደቡብ ሲዘልቅ በየሰፈረበት ጦሩን የሚመግብ ጓዳ አብሮት ነበር። በዚያ ዘመን ስንቅ የሚያዘጋጁት፣ ተሸክመውም ሠራዊቱን የሚከተሉት በብዛት ሴቶች ነበሩ። የታሪክ መጻሕፍት የአዛዦቹን ስም ይዘረዝራሉ፤ ድርቆሽ፣ በሶና በርበሬ ያዘሉትን ሴቶች ስም ግን የመዘገበ የለም። ከሠራዊቱ ቀጥሎ ነጋዴው መጣ። ዛሬም ለነጌሌ፣ ለያቤሎና ለሞያሌ ገበያ የሚመጣው ዛላ በአብዛኛው ከማረቆና ከሐላባ በኩል በሻሸመኔ አልፎ ነው።

ጣሊያንም የራሱን ነገር ጥሎብን አልፏል። የግራዚያኒ ጦር ከዶሎ ተነስቶ፣ በገናሌ ዶሪያ ውጊያ የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት ገፍቶ ነጌሌን የያዘው በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ወራሪው ሄደ፤ ፓስታው ግን ቀረ። ዛሬ በደቡብ ቆላ ከተሞች ፓስታ በበርበሬ ስጎ ሲበላ የማንኛውንም ምግብ ቤት ደጃፍ ማየት ይበቃል።

በዚህች ከተማ የምግብ ነገር አገር ያናወጠበትም ጊዜ አለ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነጌሌ የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር በምግቡ መጥፎነትና በውሃ እጦት ተማርሮ አመፀ። ንጉሠ ነገሥቱ ጉዳዩን እንዲያጣሩ የላኳቸውን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ አግተው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትንም ውሃ አጠጧቸው። ከዚያ በኋላ አመፁ ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ለአብዮቱ ብዙ ምክንያት ነበረው። ለእኛ ለምግብ አዘጋጆች ግን ከዚህ ታሪክ አንድ ትምህርት ይበቃናል፦ በርበሬ መጥፎ ጣዕምን ይሸፍን ይሆናል እንጂ የተበላሸ ምግብንና የቆሸሸ ውሃን አያድንም።

አሁን ወደ ጤናው እንምጣ። የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፤ ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ትሬሽ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1876። እንዴት እንደሚያቃጥል የታወቀው ግን በቅርቡ ነው። አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ካፕሳይሲንን የሚቀበለውን የነርቭ በር አገኙ። ይኸው በር ሙቀት ወደ 43 ዲግሪ ሲደርስም ይከፈታል። ስለዚህ ሚጥሚጣ ስንቀምስ አፋችን ሳይቃጠል «ተቃጠልኩ» ይላል፤ ሰውነትም ሊያቀዘቅዘን ላብ ያመጣል። ጁሊየስ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ከዚህ ዕውቀት መድኃኒት ወጥቷል። ነርቭ በካፕሳይሲን ደጋግሞ ሲነካ ሕመም ማስተላለፉን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለመገጣጠሚያና ለነርቭ ሕመም የሚቀባና የሚለጠፍ መድኃኒት ይሠራበታል። ይህ ግን በፋብሪካ ተመጥኖ፣ በቆዳ ላይ የሚውል ነው። የጓዳ በርበሬ ቁርጥማት ላይ መለጠፍ ቆዳ ያቆስላል፤ እንዳትሞክሩት።

ሁለተኛው ጥቅም ከቃሪያው ነው። ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት ጂየርጂ ቫይታሚን ሲን በብዛት ያወጡት ከከተማቸው ከሴጌድ ቀይ በርበሬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ኖቤል ተሸልመዋል። ጥሬ ቃሪያ በክብደት ሲመዘን ከብርቱካን ይበልጥ ቫይታሚን ሲ አለው። አትክልትና ፍራፍሬ በሚወደድበት ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በምስር ወጥ ወይም በሽሮ አጠገብ የሚቀርብ ቃሪያ ሰውነት በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት እንዲወስድ ያግዛል፤ ደም ማነስ ለሚያሰጋቸው ነፍሰ ጡሮች ጥሩ ልማድ ነው። ሲደርቅና ሲበስል ግን ቫይታሚን ሲው አብዛኛው ይጠፋል። በደረቁ በርበሬ የሚቀረው ቀይ ቀለሙ ነው፤ በዚያ ቀለም ውስጥ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር አለ።

«ዕድሜ ያረዝማል» የሚለውስ? በቻይና ወደ 487 ሺህ ሰዎች ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቅመም የበዛበት ምግብ በየቀኑ ለማለት ያህል የሚበሉት፣ በሳምንት አንዴ እንኳ ከማይበሉት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ14 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። በጣሊያን 22 ሺህ ያህል ሰዎች የተሳተፉበት የ2019 ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ደስ የሚል ወሬ ነው። ነገር ግን እነዚህ ጥናቶች ሰዎች የሚበሉትን ጠይቀው የመዘገቡ እንጂ በርበሬ አብልተው የፈተኑ አይደሉም። በርበሬ የሚወዱት ሰዎች በሌላም ነገር ይለዩ ይሆናል። «ይረዳ ይሆናል» ማለት ይቻላል፤ «ያድናል» ማለት ግን ውሸት ነው።

የጨጓራውስ ክስ? እዚህ ላይ በርበሬን የከሰስነው እኛም ተሳስተናል። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የጨጓራ ቁስለት ዋና ምክንያት አንድ ባክቴሪያ መሆኑን አሳይተው እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸልመዋል። ሌላው ምክንያት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዘወተሩ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። በርበሬ ቁስለቱን አይፈጥረውም፤ ለታመመች ግን ማቃጠሉ ይብስባታል። ስለዚህ በርበሬ ትታ ለዓመታት ሕመሙን የምትችል እህት ካለች ምክራችን አንድ ነው፦ ጤና ጣቢያ ሂጂና ተመርመሪ። ባክቴሪያው በመድኃኒት ይጠፋል። ደም ግፊት ያለባት ደግሞ በርበሬያችን ውስጥ ጨው መኖሩን ታስብ።

እውነተኛው አደጋ ያለው ግን ከማቃጠሉ ሳይሆን ከሻጋታው ነው። እርጥብ ዛላ ሲከመር ሻጋታ ይይዛል፤ አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል። ይህ መርዝ ከቆየ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ በማመስም በመፍጨትም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ከተሰበሰቡ የበርበሬና የሽሮ ናሙናዎች በአንዳንዶቹ ይህንኑ መርዝ አግኝቷል። ከተፈጨ በኋላ ቀዩ ቀለም ሁሉን ስለሚሸፍነው ገዢዋ ልታውቅ አትችልም። የምታውቀው ዛላውን የምትቀነጥሰው ሴት ብቻ ናት። የእኛ ሥራ ክብሩም ኃላፊነቱም እዚህ ላይ ነው። የቆላ ፀሐይ ለማድረቅ የተሰጠን ሀብት ነው፤ መሬት ላይ ሳይሆን በቆጥ ላይ ካሰጣነው፣ ማታ ማታ ከሰበሰብነው፣ ውስጡ የጠቆረውን ዛላ «ይብቃቃ» ሳንል ከጣልነው።

የራሳችንም ጤና አለ። በርበሬ የቀነጠሰ እጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲነድ፣ ስንወቅጥ ስናስልና ዓይናችን ራሱ በርበሬ ሲመስል «የሴት ሥራ ነው» ብለን ኖረናል። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ እጅን በመጀመሪያ በዘይት ማሸት፣ ቀጥሎ በሳሙና መታጠብ ይረዳል። አፍ ሲያቃጥል ከውሃ ይልቅ ወተት ያበርዳል፤ ወተት ያላጣው አርብቶ አደር ጎረቤታችን ለዚህስ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ መግዣ ከሽያጩ ላይ እንዲቀመጥም ተስማምተናል።

ላስቲኩ ላይ የሚጻፈውም ተወስኗል። በውስጡ ያለው ቅመም ሁሉ፣ የጨዉ መጠን፣ የተፈጨበት ቀንና «ደርቆ፣ ተለቅሞ የተዘጋጀ» የሚል ቃል ይሰፍራል። «መድኃኒት» የሚል ቃል አይኖርም። አንዳንዶቻችን ገዢ ይቀንስብናል ብለን አሁንም እንሰጋለን፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም። ቢሆንም ይህን በርበሬ ከገዢዎቻችን እኩል የሚበሉት የራሳችን ልጆች ናቸው። ለእነሱ የማንነግረውን ለገበያ ልንጽፍ አይገባንም።