የሆድን ማን ይሰማል?

አማርኛችን ሐሳብን ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አያስቀምጠውም። «በሆዴ እንዲህ አልኩ» እንላለን፤ የማይነገር ሲሆን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብለን እናልፋለን። መቼስ ሆድ የማይፈጀው ነገር የለም። አንዲት ሴትዮ ቡና እያቀረበች እንግዶቿን «ተጫወቱ እንጂ» ስትል፣ በሆዷ የቤት ኪራዩ ስንት ቀን እንደቀረው ትቆጥራለች፤ የሲኒው ጠርዝ መሸረፉን አይታ የሞቱ እናቷን ታስታውሳለች፤ ጎረቤቷ ያደረገችው ጫማ ስንት እንዳወጣ ትገምታለች። ይሄ ሁሉ አንድ ሲኒ ቡና እስኪቀዳ ነው። ከአፏ የወጣው ግን «ተጫወቱ እንጂ» ብቻ።

ታዲያ ደራሲ ይሄን እንዴት አድርጎ ይጻፈው? የዛሬው ጨዋታዬ «የሕሊና ፍሰት» ስለሚባለው የአተራረክ ስልት ነው። ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። ነጥብና ሰረዝ የሌለው፣ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ የማይታወቅ፣ ለምሁራን ብቻ የተጻፈ ነገር ይመስለዋል። እኔ ግን የዚህ ስልት ታሪክ የኅብረተሰብም ታሪክ ነው ባይ ነኝ። ከሥሩ ያለው ጥያቄ «የማን ሐሳብ ነው ሊሰማ የሚገባው?» የሚል ነውና።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልቦለድ ጸሐፊ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አስተርጓሚ ነበር። በገጸ ባሕርይውና በአንባቢው መካከል ቆሞ «እንዲህ ብላ አሰበች፤ ያሰበችውም በዚህ ምክንያት ነው» እያለ ያስረዳል። በ1887 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤድዋር ዱዣርዳን የተባለ ፈረንሳዊ ይሄን አስተርጓሚ አሰናበተው። አንድ የፓሪስ ወጣት የወደዳትን ተዋናይት ለማግኘት በወጣበት አንድ ምሽት በልቡ የሚመላለሰውን ብቻ ጻፈ። በጊዜው ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1890፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊሊያም ጄምስ ሐሳብ ማለት እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ ሳይሆን እንደ ወንዝ የሚፈስ ነው ሲል ጻፈ። የዱዣርዳንን መጽሐፍ ደግሞ በ1903 አንድ ወጣት አየርላንዳዊ ገዝቶ አነበበው። ጄምስ ጆይስ ነበር።

ታሪኩን የሚተርኩ ብዙዎች ከዚህ በቀጥታ ወደ ጆይስ ይዘላሉ። እኔ ግን መሐል ላይ አንዲት ሴት ዘንድ ልቆም ነው።

ዶሮቲ ሪቻርድሰን በ1873 እንግሊዝ ውስጥ ተወለደች። የቤተሰቡ ኑሮ ሲናጋ በ17 ዓመቷ ጀርመን ሄዳ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት አስተማረች። አባቷ ከሰሩ፤ በ1895 እናቷ ራሳቸውን አጠፉ። ከዚያ ለንደን ገብታ ጥርስ ሐኪሞች ዘንድ ጸሐፊና ረዳት ሆነች። ደመወዟ በሳምንት አንድ ፓውንድ ነበር።

እስቲ ይህችን ሴት በቀድሞው ልቦለድ ውስጥ ፈልጓት። ብትኖር ያላት አንድ መስመር ነው። ዋናው ባለታሪክ ጥርሱን አሞት ይመጣል። በር ትከፍትለታለች። «ይግቡ፣ ዶክተሩ እየጠበቁዎት ነው» ትለዋለች። እሱ ይገባል፤ ታሪኩም ተከትሎት ይገባል። እሷ ኮሪደሩ ላይ ትቀራለች። ሪቻርድሰን ያደረገችው ምን መሰላችሁ? አንባቢውን ከሴትዮዋ ጋር ኮሪደሩ ላይ አስቀረችው!

በ1915 የታተመው «ፖይንትድ ሩፍስ»፣ «ፒልግሪሜጅ» የሚባለው የ13 መጻሕፍት ተከታታይ ሥራ የመጀመሪያው ነው። እዚያ ውስጥ ሚሪያም ሄንደርሰን ከምታየውና ከምታስበው ሌላ ምንም የለም። እሷ ያላወቀችውን እኛም አናውቅም። ሰው ሲገባ ማን እንደሆነ የሚነግረን የለም፤ ቀስ እያልን እንደርስበታለን። ኋላ ላይ የጥርስ ሐኪሞቹ ቤት ይመጣል፤ የሚጸዳው መሣሪያ፣ የሚጻፈው ደብዳቤ፣ ከሥራ በኋላ የምትገባባት ጠባብ የኪራይ ክፍል። ለልቦለድ አይበቃም ሲባል የነበረ ኑሮ ለ13 መጻሕፍት በቃ።

በ1918 ደራሲዋ ሜይ ሲንክሌር እነዚህን መጻሕፍት ስትገመግም «የሕሊና ፍሰት» የሚለውን አባባል ከሥነ ልቦና ወስዳ ለልቦለድ ዋለችው። ሪቻርድሰን ግን የወጣላትን ስም አልወደደችውም። ለእሷ ሕሊና ጥልቀት ያለው ውሃ እንጂ እየፈሰሰ የሚሄድ ወንዝ አልነበረም። ስሙ ግን ጸና፤ ከባለቤቲቱም በላይ ዝነኛ ሆነ።

ጆይስ በ1922 «ዩሊሲስ»ን ፓሪስ ላይ አሳተመ። በደብሊን ስላለፈች አንዲት ቀን፣ ስለ ሰኔ 16 ቀን 1904፣ ነው። መጨረሻው ምዕራፍ አልጋዋ ላይ የተጋደመች ሚስት በሆዷ የምትለው ነው፤ በስምንት ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች፣ ያለ ሰረዝ። መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት ሌላ ምዕራፉን በመጽሔት ያወጡ ሁለት ሴት አዘጋጆች በ1921 ኒው ዮርክ ውስጥ በብልግና ተከሰው እያንዳንዳቸው 50 ዶላር ተቀጡ። ያ ምዕራፍ በባሕር ዳርቻ ስለተቀመጠች ልጃገረድና በሩቅ ሆኖ ስለሚያያት ሰው ነበር። ሰው ሁሉ በሆዱ ይዞት የሚዞረው ነገር ወረቀት ላይ ሲወጣ ችሎት አቆመ ማለት ነው። አሜሪካ መጽሐፉን በፍርድ ቤት ነጻ ያደረገችው በ1933 ነው።

ለእኔ የስልቱ ትልቁ ፈተና ግን በ1925 በወጣው በቨርጂኒያ ዉልፍ «ሚስስ ዳሎዌይ» ውስጥ ነው። ሴፕቲመስ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ወታደር ነው። የሞተው ጓደኛው ይታየዋል፤ ወፎች ያናግሩታል። አንዱ ሐኪም «ምንም አልሆንክም» ይለዋል፤ ሌላው ከቤቱ አውጥቶ ሊያስተኛው ይወስናል። ሁለቱም ይናገራሉ እንጂ አይሰሙም። እኛ አንባቢዎች ግን ከውስጥ ሆነን ሰምተነዋልና በመስኮት ሲዘል «እብድ ነበር» ብለን ማለፍ ያቅተናል። ዉልፍ የምትጽፈውን ታውቀዋለች፤ እሷም በተደጋጋሚ ታማ፣ በሐኪም ትእዛዝ አልጋ ላይ ውላለች።

ይሄ የልቦለድ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ጦርነት እንግሊዝ ከጦር ግንባር በመክዳት፣ በፍርሃትና በመሳሰለው ጥፋት ከረሸነቻቸው ወታደሮች 306ቱን ይቅር ያለችው በ2006 ነው። ከመካከላቸው ዛሬ የአእምሮ ጉዳት የምንለው የደረሰባቸው ነበሩ። ይቅርታው የመጣው ቤተሰቦቻቸው ለዓመታት ስለጮኹ ነው እንጂ ልቦለድ ስለተጻፈ አይደለም። ሆኖም አንዲት ደራሲ ከዚያ 81 ዓመት ቀድማ የእንዲህ ያለውን ሰው ሆድ ከፍታ አሳይታ ነበር። በ1929 ደግሞ አሜሪካዊው ዊሊያም ፎክነር የአንድ ልቦለዱን የመጀመሪያ ምዕራፍ መናገር ለማይችለው ለ33 ዓመቱ ቤንጂ ሰጠው። ቤተሰቡ ጩኸቱን ብቻ ይሰማል፤ እኛ ግን የሚያስታውሰውን እናያለን።

«ታዲያ ለምን እንዲህ ያስቸግራል?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ያስቸግራል። በሰነፍ እጅ ሲገባ ስልቱ የተገኘው ሁሉ የሚታጨቅበት ከረጢት ይሆናል። ደግሞም የሚሪያምም ሆነ የሴፕቲመስ ሐሳብ በደራሲ ተመርጦ የተደረደረ ቃል ነው። ቢሆንም ችግሩ ሁሉ የደራሲው አይመስለኝም። የማናውቀው ሰው ሆዱን ሲከፍትልን እኛ በለመድነው ቅደም ተከተል አይናገርም። እስኪገባን ድረስ አብረነው መቀመጥ አለብን፤ ትዕግሥት የሚፈልገውም እሱ ነው።

ሪቻርድሰን በ1957 አረፈች። አሥራ ሦስተኛው መጽሐፍ የታተመው ከሞተች ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ለንደን ውስጥ ዎበርን ዎክ በምትባል አጭር መንገድ ላይ፣ ከባለቅኔው ከዬትስ መኖሪያ ፊት ለፊት ተከራይታ ኖራ ነበር። የእሱ ቤት የመታሰቢያ ሰሌዳ ከተለጠፈበት ብዙ ዘመኑ ነው። የእሷ የተለጠፈው በ2015 ነው። ያን ሁሉ ዘመን ጎብኚው ለዬትስ ሲል ጀርባውን ለእሷ በር ሰጥቶ ይቆም ነበር።