ሳንቲሙ ምን ይመሰክራል? የክርስትና እምነት ማስረጃ ጥያቄና የንጉሥ ዔዛና ምሳሌ



ለዛሬው ገለጻ የተሰጠኝ ጥያቄ «ለክርስትና እምነት በቂ ማስረጃ አለን?» የሚል ነው። ጥያቄውን ስቀበል አመንትቼ ነበር። ነገሩ የነገረ መለኮት ሊቃውንትና የፈላስፎች ነው፤ እኔ ግን የታሪክ መምህር ነኝ። ይሁን እንጂ ክርስትና በታሪክ ውስጥ ተፈጽሟል በሚለው ድርጊት ላይ የቆመ እምነት ስለሆነ፣ የታሪክ ተማሪ ከዚህ ሙግት ሊሸሽ አይችልም። ስለዚህ ቀረብ ብለን በምናውቀው ጉዳይ እጀምራለሁ፦ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱም ቤተ መንግሥት ክርስትናን መቀበሉን በምን እናውቃለን? ዘመናቱን የምጠቅሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ማስተማር በጀመርሁባቸው ዓመታት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ «አብርሃና አጽብሓ የሚባሉ ነገሥታት ኖረው አያውቁም» ብዬ ተናገርሁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ዲያቆን ተማሪ እጁን አነሣና «መምህር፣ አለመኖራቸውን በምን አወቁ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም በቀልድ መለስሁለት፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ክፍሌ አልተመለሰም። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ። የዛሬው ገለጻ ለዚያ ተማሪ የዘገየ መልስ ነው ብትሉ አልከፋም።

ወደ ምስክሮቹ እንሂድ። አባቶቻችን በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ምስክርን አንድ በአንድ አቁመው፣ የት ነበርህ፣ ምን አየህ፣ ከማን ሰማህ እያሉ ይጠይቁ ነበር። እኛም እንዲሁ እናድርግ።

የመጀመሪያው ምስክር ሳንቲም ነው። ንጉሥ ዔዛና በመጀመሪያ ባስመታቸው ሳንቲሞች ላይ፣ ከምስሉ በላይ የማጭድ ቅርጽ ያላት ጨረቃና ክብ ምልክት ይታያሉ። በኋለኞቹ ላይ ግን ጨረቃዋ ቀርታ መስቀል ተተክቷል። እነዚህ ሳንቲሞች በዓለም ላይ መስቀል ከተቀረጸባቸው ቀደምት ገንዘቦች የሚቆጠሩ ናቸው። ሳንቲም ብርቱ ምስክር የሚሆነው በዘመኑ የተሠራና የኋላ ገልባጭ እጅ ያልገባበት በመሆኑ ነው። ድካምም አለበት፤ ዓመተ ምሕረት አልተጻፈበትም፣ ስለ ሕዝቡ እምነትም አይናገርም። ወርቁ በእጁ የሚገባው ነጋዴና ሹም እንጂ ገበሬው አልነበረምና።

ሁለተኛው ምስክር ድንጋይ ነው። ዔዛና ስለ ቤጃ ዘመቻው በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ባስቀረጸው ሐውልት፣ በግዕዙ የመሕረም ልጅ፣ በግሪክኛው ደግሞ የአሬስ ልጅ ተብሏል። ስለ ኖባ ዘመቻ በሚናገረውና አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የእርሱ ነው በሚሉት የግዕዝ ጽሑፍ ግን መሕረም የለም፤ ድሉ የተሰጠው ለሰማይ ጌታ ነው። የክርስቶስ ስም በዚህ ጽሑፍ ባለመጠቀሱ ሊቃውንት ረዘም ላለ ጊዜ ተከራከሩ። በ1970 የታተመው የዔዛና የግሪክኛ ጽሑፍ ክርክሩን መልክ ለወጠው፤ በዚያኛው ንጉሡ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን በግልጽ ያውጃል። አንዱ ንጉሥ ለግዕዝ አንባቢው «የሰማይ ጌታ» ብሎ፣ ለግሪክኛ አንባቢው ሥላሴን ለምን ገለጠ? ጥንቃቄ ነው የሚሉ አሉ፤ አገሩ ገና በአሮጌው እምነት ስለነበረ ሁሉም የሚቀበለውን ስም መረጠ ይላሉ። ሌሎች በሁለቱ ጽሑፎች መካከል የእምነት እድገት ያያሉ። በአንድምታ ትርጓሜ ያደጉ መምህራኖቻችን ቢሆኑ ሁለቱንም «አንድም» እያሉ ባስቀመጡልን ነበር።

ሦስተኛው ምስክር መጽሐፍ ነው። ሩፊኖስ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ በጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ የጢሮስ ሰው ሜሮጵዮስ ከሁለት ወጣቶች ጋር ሲጓዝ መገደሉን፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ወደ ንጉሡ መወሰዳቸውን፣ በኋላም ፍሬምናጦስ በእስክንድርያ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና መቀበሉን ይተርካል። ይህንንም ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ሰማሁ ይላል። መልካም ምስክር ነው፤ ነገር ግን አስተውሉ፦ ሩፊኖስ አገሩን «ሕንድ» ይለዋል፣ የንጉሡን ስም አይጠራም፣ ንጉሡ ተጠመቀ የሚል ቃልም የለውም። እኛ ዘወትር «ሩፊኖስ እንደነገረን ዔዛና ተጠመቀ» የምንለው ከራሳችን ጨምረን ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን የባላጋራው ነው። በ356 አካባቢ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ለዔዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስ የአትናቴዎስ ሹመኛ ስለሆነ፣ በእስክንድርያ በአትናቴዎስ ቦታ ወደ ተተካው ጊዮርጊስ ተልኮ ሃይማኖቱ እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤው የደረሰን አትናቴዎስ በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ ስላስገባው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ፍሬምናጦስን ሊያከብር አልፈለገም፤ ሊያስወግደው ነበር የፈለገው። ሆኖም ሳያስበው በአክሱም ጳጳስ መኖሩንና የንጉሡንም ስም መሰከረልን። ሊረዳህ የማይፈልግ ሰው የሚሰጥህ ምስክርነት ከወዳጅ ምስክርነት ይከብዳል።

ታዲያ አብርሃና አጽብሓ የት ገቡ? ስንክሳር ጥቅምት 4 ቀን ያስባቸዋል። ስማቸው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሳንቲምም ሆነ ሐውልት ላይ እስካሁን አልተገኘም። አንዳንድ ሊቃውንት የዔዛናና የሳይዛና ሌላ ስም ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት እለ አጽብሓ የተባለው ካሌብና በየመን የነገሠው አብርሃ ትዝታ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው ይላሉ። ሁለቱም ግምት ነው። ስለዚህ እኔ በዚያ ክፍል «ኖረው አያውቁም» ማለቴ ከማስረጃዬ በላይ መናገሬ ነበር። ማለት የምችለው «በስማቸው የዘመኑ ማስረጃ አላገኘንም» ብቻ ነበር። ባዶውን ቦታ በሳቅ ሞላሁት፤ ሳቅ ደግሞ ማስረጃ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንለፍ። ሳንቲሙ፣ ድንጋዩና ደብዳቤው ተባብረው የሚያጸኑት አንድ ነገር ነው፦ ዔዛና ክርስቲያን መሆኑን አውጇል። ያመነው ነገር እውነት መሆኑን ግን ሊያጸኑ አይችሉም። ብዙ ምእመናን ይህን ድንበር ሳያዩ ይሻገራሉ፤ «አገራችን ከጥንት አምናለች» የሚለውን «እምነቱ እውነት ነው» ለሚለው ማስረጃ ያደርጉታል። ብዙ ተጠራጣሪዎችም በተቃራኒው ይሳሳታሉ፤ «ንጉሡ ለንግድና ለፖለቲካ ነው የተቀበለው» ካሉ እምነቱ የፈረሰ ይመስላቸዋል። ሰው አንድን ነገር የተቀበለበት ምክንያት የነገሩን እውነትነትም ሆነ ሐሰትነት አይወስንም።

በኢየሩሳሌም ስለሆነው ነገርስ? እዚህም ምስክሮቹን እንደየደረጃቸው እናቁም። ኢየሱስ የሚባል ሰው መኖሩንና በጲላጦስ ዘመን መሰቀሉን የሚጠራጠሩ የታሪክ ሊቃውንት እጅግ ጥቂት ናቸው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጻፈውና ክርስቲያኖችን የሚንቀው ሮማዊው ታሲተስ መገደሉን ይጠቅሳል። የአይሁዳዊው የዮሴፉስ መጽሐፍም ያነሣዋል፤ ምንም እንኳ ከአንቀጾቹ አንዱ በኋላ በክርስቲያኖች እጅ እንደተነካ ብዙዎች ቢስማሙም። ስለ ትንሣኤው ከሚናገሩት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ የጳውሎስ አንደኛ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች መልእክት ነው፤ የተጻፈው በ50ዎቹ ዓመታት፣ ከስቅለቱ ሃያ ዓመት ያህል በኋላ ሲሆን፣ አየን ያሉትን ሰዎች ይዘረዝራል።

ከዚህ ላይ ሁለቱ ተሟጋቾች ይለያያሉ። ዴቪድ ሂዩም በ1748 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ምስክሩ ተሳስቷል ወይም ዋሽቷል ማለት ከተአምሩ የበለጠ የማይታመን ካልሆነ በቀር ተአምርን መቀበል አይገባም አለ። አማኙ ደግሞ «አምላክ ካለ ተአምር ያን ያህል የማይታመን አይደለም፤ የደቀ መዛሙርቱን መለወጥ ከዚህ የተሻለ የሚገልጥ ምክንያት አምጣልኝ» ይላል። እዚህ የሚከራከሩት ስለ ምስክሮቹ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሸንጎው ሲመጡ በልባቸው ይዘውት ስለመጡት ዓለምም ነው። የታሪክ ሙያ ደቀ መዛሙርቱ «አየነው» ማለታቸውንና በዚያ መጽናታቸውን ሊያረጋግጥ ይችላል። ምን እንዳዩ ለመፍረድ ግን ከሙያው ውጭ ያለ ነገር ያስፈልጋል። ይህን ስል ጥያቄው መልስ የለውም ማለቴ አይደለም፤ መልሱን በታሪክ ሙያ ስም ማተም አይገባኝም ማለቴ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ስለ ራሴ እምነት ትጠይቁኝ ይሆናል። እሑድ ማለዳ የት እንደምገኝ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። በዚህ መድረክ ላይ ግን ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የምታምኑ ከሆናችሁ፣ ማስረጃው የማይሸከመውን አታሸክሙት፤ ሲሰበር እምነታችሁ አብሮ የተሰበረ ይመስላችኋል። የማታምኑ ከሆናችሁም፣ ያልተገኘውን ሁሉ ያልነበረ አታድርጉት።

ያ ዲያቆን ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። «በምን አወቁ?» ብሎ ነበር የጠየቀኝ፤ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። በዚያ ቀን በክፍሉ ውስጥ የታሪክ ተማሪ የነበረው እርሱ ነበር።