ምርጫው የማን ነው?

በየዓመቱ የፈረንጆቹ ኖቬምበር ሲገባ ጋሼ የምላቸው አንድ የታክሲ ሹፌር ወረቀታቸውን ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። አሜሪካ በጤና መድን ገበያዋ ላይ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ እያለች ከደረደረችው ውስጥ አንዱን እንድመርጥላቸው ነው። (ብሩ ከሌለህ ብሩን አትመርጥም፤ ይህ የጋሼ ቀልድ ነው።) ባለፈው ሲመጡ ግን አልቀለዱም። «ልጄ፣ የታመምኩ ዕለት ስንት እንደምከፍል ብቻ ንገረኝ» አሉኝ። ወርሃዊ ክፍያውን አውቀዋለሁ፤ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳቸው የሚወጣውንም አውቀዋለሁ። የጠየቁኝን ግን ልነግራቸው አልቻልኩም።

ለመሆኑ በሽተኛ «ሸማች» የተባለው እንዴት ነው? (ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በ1929 በዳላስ ከተማ የቤይለር ሆስፒታል ለመምህራን አንድ ውል አቀረበ፤ በወር 50 ሳንቲም የከፈለ መምህር በዓመት እስከ 21 ቀን ተኝቶ ይታከማል። ልብ በሉ፣ ውሉን ያቀረበው ራሱ ሆስፒታሉ ስለነበር የሚታከሙበትን ቦታ መምረጥ የሚባል ነገር አልነበረም። መምህራኑ የገዙት ከድንገተኛ ዕዳ መዳንን ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1942 መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ሲያግድ የመድን ጥቅማ ጥቅም ከእገዳው ውጭ ቀረ። ሠራተኛ ያጣው አሠሪ ደመወዝ መጨመር ቢከለከል መድን መጨመር ጀመረ፤ የ1954ቱ የግብር ሕግ ደግሞ አሠሪው የሚከፍለውን መድን በሠራተኛው ላይ ግብር የማይከፈልበት አድርጎ አጸናው። የሐኪም ቤቱ ጉዳይ በአለቃ እጅ የገባው በዚህ መንገድ ነው። እንዲህ ይሁን ብሎ ድምፅ የሰጠ ሕዝብ የለም፤ ለጦርነት ዘመን የታሰበ እርምጃ ሥር ሰዶ ሥርዓት ሆነ።

ኬኔት አሮው የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1963 ባሳተመው ጥናት ሕክምና እንደ ሌላ ሸቀጥ እንዳልሆነ አስረድቷል። መርካቶ ጫማ የሚገዛ ሰው ጫማውን ለክቶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ካልተስማማው ትቶ ይሄዳል። በሽተኛው ግን ምን እንደሚያስፈልገው የሚነግረው ሻጩ ራሱ ነው፤ ሕመሙም ትቶ እንዲሄድ አይፈቅድለትም።

ይህን ክርክር የፈተነ ትልቅ ሙከራ ራንድ በተባለው የምርምር ተቋም ከ1974 እስከ 1982 ተካሂዷል። ከ7,000 በላይ ሰዎች በዕጣ ተመድበው ገሚሱ በነፃ፣ ሌላው ከወጪው ድርሻውን እየከፈለ ታከመ። የከፈለው በእርግጥ ሕክምና ቀነሰ፤ ነገር ግን የማይጠቅመውን ብቻ ሳይሆን የሚጠቅመውንም ጭምር ነበር የቀነሰው። ከሙከራው ግማሹን ብቻ ያነበቡ ፖለቲከኞች ብዙ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ2003 የጤና ቁጠባ ሒሳብ በሕግ ሲፈቀድ «ገንዘቡ የራስህ፣ ምርጫውም የራስህ» ተባለ። በባንክ የተረፈው ላለው ሰው እውነት ነው፤ ለጋሼ ግን ባዶ ሒሳብ ነው።

የ2010ሩ የኦባማ ሕግ የቀድሞ ሕመም ያለበትን ሰው መድን መንፈግ መከልከሉ ታላቅ ነገር ነው፤ እኔም አመሰግነዋለሁ። ከ2021 ጀምሮ ሆስፒታሎች ዋጋቸውን በይፋ እንዲለጥፉ ታዘዋል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ አሠሪ መድን መግዛቱን ትቶ ለሠራተኛው «ራስህ ግዛ» ብሎ ገንዘብ መስጠት ይችላል። መጪው ጊዜ ወደዚህ የሚያዘነብል ይመስለኛል። በ1942 ወደ አሠሪው የሄደው ሸክም አሁን ምርጫ የሚል ስም ይዞ ወደ ሠራተኛው እየተመለሰ ነው። ሰው ግን መምረጥ የሚሻው የመድን ወረቀት ሳይሆን የሚያምነውን ሐኪም ነው፤ የመድን ድርጅቱ የሐኪሞች ዝርዝር የሚያጠበውም ይህንኑ ነው።

ጋሼ በመጨረሻ ብሩን መረጡ። ምክንያታቸው አንድ ነበር፤ ደም ግፊታቸውን የምትከታተለው፣ በአማርኛ የምታናግራቸው ሐኪም በዚያ ዝርዝር ውስጥ አለች። እርግጠኛ ለመሆን ስልክ ደወልን። ከረጅም ሙዚቃ በኋላ አንዲት ሴት አነሳችና «አዎ፣ አለች» አለችን፤ «ለአሁኑ»።