የ1906ቱን ውል የፈረመው ሰውዬና ወፎቹ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡናው እስኪፈላ የሚነበብ ዓይነት። በተለይ ታሪክ ያስተማርኳችሁ ልጆች (አሁን "ልጆች" ስላችሁ ትስቁ ይሆናል፣ አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ ወልዳችኋል) የ1906ቱን የሦስትዮሽ ውል አትረሱትም ብዬ አስባለሁ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን እኛን ሳይጠሩ ለንደን ላይ ተቀምጠው ስለ እኛ አገር የተፈራረሙት። "ዓመተ ምሕረቱንና ሦስቱን አገሮች ያዙ፣ ፈተና ላይ አይቀርም" እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩት።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ "ቲቸር፣ በእንግሊዝ በኩል የፈረመው ሰውዬ ግን ማነው? ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ?" አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከስሙ በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም። "ነገ እነግርሻለሁ" ብዬ አለፍኩ። ነገ ያልኩት አራት ወር ፈጀ። ማታ ማታ በስልኬ የሰውየውን የድሮ መጻሕፍት እያወረድኩ፣ የማይገባኝን ቃል መዝገበ ቃላት እየጠየቅኩ ስዳክር ከረምኩ። የፖለቲካ ሰው ፍለጋ ገብቼ ያገኘሁት ግን የወፍ ሰው ነው።

ሰውየው ሰር ኤድዋርድ ግሬይ ይባላል። የተወለደው በ1862 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። ከታኅሣሥ 1905 እስከ ታኅሣሥ 1916፣ 11 ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። ለተማሪዎቼ የሚሆን ጨዋታ ላክልበት፦ ወጣት ሳለ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በስንፍና ተባሯል። ተመልሶ ተፈትኖ በሦስተኛ ደረጃ ወጣ። በ1928 ደግሞ ያው ኦክስፎርድ ቻንስለር አድርጎ ሾመው። ይህን ያነበባችሁ ሰነፎች ደስ እንዳይላችሁ፣ እሱ የሀብታም ልጅ ነበር።

ውሉን በአጭሩ ላስታውሳችሁ። ታኅሣሥ 13 ቀን 1906 ነው የተፈረመው፤ በእኛ ታኅሣሥ 4 ቀን 1899። ፈራሚዎቹ ግሬይ፣ የፈረንሳዩ አምባሳደር ፖል ካምቦንና የጣሊያኑ አምባሳደር ዲ ሳን ጁሊያኖ ናቸው። ውሉ ሲጀምር የኢትዮጵያን ይዞታ ባለበት ለማቆየት እንተባበራለን ይላል። ነገሩ ከተናጋ ግን ማን ምን እንደሚጠብቅ ይዘረዝራል። ለእንግሊዝ የዓባይ ተፋሰስና ውኃው፣ ለፈረንሳይ ጅቡቲና የባቡሩ መስመር፣ ለጣሊያን ደግሞ የኤርትራና የሶማሊያ ጀርባ ያለው መሬትና ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ሁለቱን የሚያገናኝ መተላለፊያ። እስቲ ካርታ አውጡና መተላለፊያው በየት በየት እንደሚያልፍ በጣታችሁ ተከተሉት። አጼ ምኒልክ ውሉ ሲደርሳቸው፣ ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን፣ ነገር ግን ይህ ውል ከእኛ ሥልጣን በታች ነው፣ እኛን አያስረንም የሚል መልስ ሰጡ። ይህን መልስ ሳስተምር እስካሁን ድምፄ ከፍ ይላል፣ ታውቁኛላችሁ።

እንግዲህ ያን ውል የፈረመው ሰው በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ሚስቱን ቀብሯል። ዶሮቲ ትባላለች። ከጋሪ ወድቃ ነው የሞተችው፣ እሱ ሥልጣን ከያዘ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ። (እኛም በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ራስ መኰንንን አጥተናል። 1906 ለብዙ ቤት ከባድ ዓመት ነበር።) ባልና ሚስቱ ከለንደን ወጣ ብሎ በኢቸን ወንዝ ዳር ትንሽ የእንጨት ቤት ነበረቻቸው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በባቡር ይሄዳሉ። እዚያ ምን ይሠራሉ? ዓሣ ማጥመድ፣ መጽሐፍ ማንበብ፣ መራመድ፣ ወፍ መስማት። የትኛው ወፍ በየትኛው ቀን መጀመሪያ እንደዘመረ፣ የትኛዋ አበባ እንደፈነዳች የሚጽፉበት የጋራ ደብተር ነበራቸው። ሚስቱ ከሞተች በኋላም ያንን ቤት አልተወውም።

በጣም የወደድኩት ታሪክ የ1910ሩ ነው። ቴዎዶር ሩዝቬልት ከአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ወርዶ፣ ምሥራቅ አፍሪካ አደን ከርሞ፣ በአውሮፓ በኩል ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። እንግሊዝ ስደርስ የወፎቻችሁን ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ፈልጉልኝ ብሎ አስቀድሞ ላከ። ሰው ሲፈለግ የተገኘው ራሱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሆነ! ሰኔ 9 ቀን ሁለቱ ለብቻቸው፣ ያለ አጃቢና ያለ ጋዜጠኛ፣ በኢቸን ሸለቆና ኒው ፎረስት በሚባለው ደን ውስጥ በእግራቸው ሄዱ። አርባ ገደማ ዓይነት ወፍ አዩ፣ ሃያ ገደማ ሲዘምር ሰሙ። ግሬይ እንደሚለው ሩዝቬልት ወፎቹን ከመጽሐፍ ያውቃቸው ነበር፤ ጆሮውም ፈጣን ነው፣ ይቺ የማን ድምፅ ናት ብሎ አንዴ ከጠየቀ አይረሳም። አንዲት ጎልድክረስት የምትባል ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ ወፍ ስትዘምር፣ ይቺኛዋ የእኛን አገሯን ትመስላለች ብሎ ለየ። እውነትም ዘመዳሞች ናቸው። ሩዝቬልት በ1919 መጀመሪያ ሲሞት፣ ግሬይ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሃርቫርድ ሄዶ ስለ እረፍት ባደረገው ንግግር ይህን የእግር ጉዞ ተረከው።

በ1914 ጦርነቱ መጣ። በመላው አውሮፓ መብራት እየጠፋ ነው ያለው ሰው እሱ ነው። ለነገሩ የራሱም ዓይን በዚያው ሰሞን እየደከመ እንደሆነ ሐኪሞች ነግረውታል። ከሥልጣን ሲወርድ ማንበብ እየከበደው ነበር፤ በኋላ በጣት የሚነበበውን ብሬል ተማረ። ሰሜን እንግሊዝ ፋሎደን የሚባለው የቤተሰቡ ቤት በ1917 ተቃጠለ፣ እንደገና አሠራው። ያቺ የወንዝ ዳር ቤትም በ1923 ተቃጠለች። አንዱን ወንድሙን በ1911 አፍሪካ ውስጥ አንበሳ፣ ሌላውን በ1928 ጎሽ ገደለበት። ዳግም ያገባት ሚስቱ ፓሜላም በ1928 ሞተች። የኢዮብን መከራ የሚያስታውስ ነገር ነው።

ታዲያ በዚያ ሁሉ መሐል ፋሎደን ላይ ተቀምጦ ምን ይሠራ ነበር? ዳክዬ ይቀልባል። ከተለያየ አገር የመጡ የውኃ ወፎች የሚኖሩበት ኩሬ አለው፤ ሲመሽ ወጥቶ ይቀመጣል፣ እነሱም ከእጁ ይበላሉ። ሽኮኮዎች (ጅራታቸው ወፍራም የሆነው፣ ቀዩ ዓይነት) በመስኮት ገብተው ከመጻሕፍት ክፍሉ ለውዝ ይወስዳሉ። ሮቢን የምትባል ደረቷ ቀይ የሆነች ትንሽ ወፍ ደግሞ ትል ከእጁ እየበላች ትሄዳለች። ባርኔጣው ላይ ሮቢን ተቀምጣበት የተነሳው ፎቶ አለ። ፊቱን አይታችሁ አንድ ቀን አገር ለአገር ውል የሚፈርም ሰው ነበር አትሉም።

ዓይኑ ሲደክም ጆሮው ቀረለት። በ1927 ስለ ወፎች ያሳተመው መጽሐፍ ከሞላ ጎደል የጆሮ መጽሐፍ ነው። ወር በወር እየሄደ ጥር ላይ ማን እንደሚዘምር፣ ግንቦት ላይ ማን እንደሚጨመር፣ ሐምሌ ላይ ማን ዝም እንደሚል ይነግራችኋል። ሳይንቲስት ነኝ አይልም። ግን ከሞተ በኋላ ኦክስፎርድ ውስጥ ስለ ወፎች የሚያጠና ተቋም በስሙ ተመሠረተ፣ እስከ ዛሬም አለ።

እዚህ ላይ ስለ አባዬ ላንሳ። ቢሾፍቱ ነው የምንኖረው፤ አባዬ አሁንም ደብረ ዘይት ነው የሚሉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ "ዓይኔ ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል" ሲሉ እርጅና ነው ብለን ቸል አልን። ግላኮማ ነው ሲባል አንደኛው ዓይን አልቆ ነበር፣ ሌላኛው ጥላ ብቻ ያያል። ማንንም አልወቅስም፣ የዘገየነው እኛ ነን። ወላጆቻችሁ ዓይኔን ካሉ ዛሬውኑ ውሰዷቸው።

ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጣሉ። ቁርስ ሲበሉ የእንጀራ ፍርፋሪ በድሮ ሳህን አድርገው አጠገባቸው ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ ላይ ዝም ብለው የተቀመጡ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን ግን "ዋኔዋ ዛሬ ዘገየች" አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ "ቁራው መጥቷል፣ እሱን አባርልኝ፣ ለትንንሾቹ አያስተርፍም።" ሳያዩ። ከግቢያችን ዛፍ ላይ ጎጆ የሚሸርቡትን ቢጫ ወፎች ሲጣሉና ሲስማሙ በድምፅ ይለያሉ። እኔ ከእሳቸው ጋር አንድ ግቢ ኖሬ ወፍ መኖሩንም ልብ አላልኩም ነበር።

ስለዚህ የግሬይን ታሪክ ማታ ማታ ለአባዬ መተረክ ጀመርኩ። ሽኮኮው በመስኮት ሲገባ ሳቁ። "ፈረንጅ ሥራ ሲፈታ!" አሉ። ዓይኑ ሲጠፋ ዝም አሉ። የሁለቱ ሚስቶች ሞት ላይ "እግዚአብሔር ያጥናው" አሉ፣ ሰውየው ከሞተ ዘጠና ዓመት አልፎት። መጨረሻ ላይ ውሉን ነገርኳቸው። ካርታውን፣ መተላለፊያውን፣ ዓባይን።

ትንሽ ቆይተው፣ "ይሄ ሁሉ ጆሮ ያለው ሰው እኛን ሳይሰማ ፈረመ?" አሉ።

እኔም የተጣበቅኩት እዚያው ላይ ነው። ግሬይ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ከጦርነቱ በኋላ የመንግሥታት ማኅበርን የሚደግፈው የእንግሊዝ ሕዝባዊ ድርጅት ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሏል። እኛም በ1923 በዚያው ማኅበር ተስፋ አድርገን ገባን፣ ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ግሬይ መስከረም 7 ቀን 1933 ሞተ፣ ጣሊያን ከመውረሯ ሁለት ዓመት ቀድሞ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ረግጧት የማያውቃትን አገር በወረቀት ላይ ከሸነሸኑት አንዱ። የአንዲት ትንሽ ወፍ ድምፅ ከሌላዋ እንዳይምታታበት ዓመታት ይታገሣል፤ የዓባይ ዳር ገበሬ ምን ይላል ብሎ ግን አልጠየቀም። ድሮ ክፍል ውስጥ ስሙን ስጠራ ንቀት ነበረኝ። አሁን ስጠራው ባርኔጣው ላይ ያለችው ወፍ ትመጣብኛለች። ያም ሆኖ ለውሉ ያለኝ ንዴት አልቀነሰም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። ደንቆሮ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ለተማሪዬ ይህን ሁሉ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወስጄ ነገርኳት። ጸጥ ብላ ሰማች፣ ሲያልቅ "ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይወጣል?" አለች። አይወጣም አልኳት።

አሁን ኅዳር ነው፣ ጨለለቃ ላይ እንግዶች የሚገቡበት ጊዜ። እግራቸው ረጃጅም፣ ላባቸው ግራጫ የሆኑት ክሬኖች ከአውሮፓና ከእስያ በኩል ክረምቱን ሸሽተው ይመጣሉ። (ክሬን ስል የሕንፃ ማሽኑ እንዳይመስላችሁ፣ ስሙን ከወፏ የወሰደው ማሽኑ ነው።) ግሬይ ፋሎደን ላይ ይቀልባቸው ከነበሩት የዳክዬ ዓይነቶችም አንዳንዶቹ ወደ ሐይቆቻችን ይወርዳሉ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከአባዬ ጋር በባጃጅ እንሄዳለን። ከተማው ውስጥ ያላችሁ መምጣት ትችላላችሁ፣ ጮክ ብሎ ማውራት ግን የለም። ፎቶ አንስቼ እለጥፍላችኋለሁ ብዬ ነበር፤ አባዬ ግን "ፎቶው ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ ድምፅ ቅዳ" ብለዋል።