አስቀድሞ የመቁጠር ዕዳ፤ የስፓርስ ማትሪክስ አሞላል አጭር ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ድምፅ ስለሌለው አንድ እንከን ነው። ፕሮግራሙ ስሕተት አያሳውቅም፤ ውጤቱም ትክክል ነው። ሆኖም በደቂቃዎች ማለቅ የሚገባው ሥራ ሰዓታት ይፈጃል። ተመራማሪው ጥፋቱን እኩልታውን በሚፈታው ስልት ውስጥ ይፈልጋል፤ ጥፋቱ ግን ቀድሞ፣ ማትሪክሱ ሲሞላ ተፈጽሟል።

ሃሪ ማርኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጥናት፣ አብዛኛው ሕዋሱ ዜሮ የሆነ ማትሪክስ ይህ ጠባዩ ለስሌት ጥቅም ሊውል እንደሚችል አሳይቷል። ጥቅሙ በቁጥር ሲታይ ይገዝፋል። 1,000 በ1,000 ነጥቦች ያሉት መረብ 1 ሚሊዮን እኩልታዎችን ያስገኛል። ማትሪክሱ ሙሉ በሙሉ ቢቀመጥ፣ ለእያንዳንዱ ሕዋስ 8 ባይት ይዘን፣ 8 ቴራባይት ይጠይቃል። በየረድፉ ቢበዛ 5 ዜሮ ያልሆኑ ቁጥሮች ብቻ ካሉና እነርሱን ከነዓምድ ቁጥራቸው ካስቀመጥን ግን ከ70 ሜጋባይት አይበልጥም።

ይህ ቁጠባ ዋጋ አለው። ረድፎቹ በማህደረ ትውስታ ውስጥ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ፣ የአንዱ ረድፍ ቦታ ሲሞላ ለአዲስ ቁጥር ሰፋ ያለ ስፍራ መጠየቅና የቀድሞውን ሁሉ ወደዚያ መገልበጥ ግድ ይሆናል። ይህ በየረድፉ ከተደጋገመ የግልበጣው ሥራ ከረድፎቹ ብዛት ጋር በካሬ ያድጋል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው አርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተጀመረው ፔትሲ የተባለው የሶፍትዌር ላይብረሪ ለዚህ የሰጠው መልስ ግልጽ ነበር፤ ተጠቃሚው የየረድፉን ዜሮ ያልሆኑ ቁጥሮች ብዛት አስቀድሞ ይንገር። መመሪያው ይህን ማድረግ ፍጥነትን ከ50 እጥፍ በላይ ሊያሻሽል እንደሚችል ያስገነዝብ ነበር።

በትይዩ ስሌት ደግሞ አንድ ቆጠራ አይበቃም። ማትሪክሳችን በረድፍ ለ4 ፕሮሰሶች ቢከፋፈል እያንዳንዱ 250,000 ረድፎች ይደርሱታል። ፕሮሰሱ በራሱ ድርሻ ውስጥ ያሉትን ዓምዶች ከሌሎች ድርሻ ዓምዶች ለይቶ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ሁለት ቆጠራ ያስፈልጋል። በድርሻው መካከል ያለ ረድፍ 5 የራሱ ቁጥሮች አሉት፤ በድርሻዎች ወሰን ላይ ያለው ግን 4 የራሱና 1 የጎረቤት። ወሰኑን የዘነጋ ቆጠራ በሙከራ ጊዜ በአንድ ፕሮሰስ ላይ እንከን አይታይበትም፤ ሥራው ለብዙዎች ሲከፋፈል ግን ይጋለጣል።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንድ ፕሮሰስ የሌላውን ረድፍ ከሞላ ቁጥሮቹ ተጠራቅመው በማጠቃለያው ጊዜ ለባለቤቱ ይላካሉ። ማጠቃለያው የሁሉም የጋራ ተግባር ነውና አንዱ ከቀረ የቀሩት ያለ ፍጻሜ ይጠብቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የፔትሲ 3.19 ዕትም ቁጥሮቹን በመጀመሪያ በሃሽ ሠንጠረዥ እየሰበሰበ ቆጠራውን ከግዴታ ወደ ምርጫ ለወጠው። ለሠላሳ ዓመታት ያህል በተመራማሪው ትከሻ ላይ የነበረው ሸክም ወደ ላይብረሪው ተሻገረ።

ታዲያ ይህን ታሪክ ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ቆጠራው ቢቀርም በፕሮሰሶች መካከል የሚደረገው ዝውውር አልቀረም፤ በቀድሞው ልማድ የተጻፉ ፕሮግራሞችም ዛሬ ያገለግላሉ። ስለዚህ ሥራችሁ ሲዘገይ፣ እኩልታ ፈቺውን ከመለወጣችሁ በፊት የመሙያውን ጊዜ ለብቻው ለኩ። ማትሪክሱ ሲሞላ ስንት ጊዜ ተጨማሪ ማህደረ ትውስታ እንደተጠየቀም ላይብረሪውን ጠይቁ። ቦታው በትክክል ተቆጥሮ ከነበረ መልሱ ዜሮ ነው።