ወርቅና ወረቀት፦ ከአሶሳ ኮረብታዎች እስከ ሸጎሌ

አማርኛ ሰውን ማሞገስ ሲፈልግ ቶሎ የሚያነሣው ቃል «ወርቅ» ነው። ደግ ሰው «ወርቅ የሆነ ሰው» ይባላል። እናት ልጇን «ወርቄ» ትለዋለች። አንደበቱ የጣፈጠ ሰባኪ አፈወርቅ ነው። ሴት ልጅ ወርቅነሽ፣ ወንዱ ወርቁ ወይም ወርቅነህ ተብሎ ይጠራል። ዳግም የማይገኝ አጋጣሚ «ወርቃማ ዕድል» ነው። ቅኔውም ቢሆን ላይ ላዩን የሚሰማውን ሰም፣ ውስጡ የተሸሸገውን ቁም ነገር ወርቅ ይለዋል፤ አንጥረኛው በሰም ቅርጽ አውጥቶ፣ ሰሙን አቅልጦ፣ በቦታው ወርቅ እንደሚያፈስ ማለት ነው።

ቃሉ ራሱ ግን ጥንት የማዕድን ስም ብቻ አልነበረም። ሥሩ በሴም ቋንቋዎች ውስጥ የቀለም ሥር ነው። ዕብራይስጥ አረንጓዴን «ያሮቅ» ይላል። ጥንታዊው አካድኛ በተመሳሳዩ ሥር ቢጫና አረንጓዴውን በአንድነት ይጠራ ነበር። በዐረብኛ «ወረቅ» ቅጠል ነው፤ ኋላም ጽሑፍ የሚጻፍበት ስስ ነገር ሆነ። «ወሪቅ» ደግሞ የብር ገንዘብ ነው። ግዕዝ ቢጫውን ማዕድን «ወርቅ» ብሎ ሰየመ። አማርኛ ከግዕዝ «ወርቅ»ን ወረሰ፣ ከዐረብኛ ደግሞ «ወረቀት»ን ተዋሰ። ሳናስተውለው ስንኖር እንጂ ወርቅና ወረቀት የአንድ ሥር ልጆች ናቸው።

ይህ ዝምድና የቋንቋ ሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ሊመስል ይችላል። የቤኒሻንጉልን ታሪክ ላየ ሰው ግን ሌላ ነገር ይነግረዋል። በዚያ ምድር ወርቁን ማን አወጣው ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ወረቀቱን ማን ጻፈው የሚለው የበለጠ ወስኗል።

ወረቀት ያልነበረበትን ዘመን እናስቀድም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አክሱም ግዛት የመጣው ግሪክኛ ጸሐፊ ኮስማስ፣ «ሳሱ» ስለሚባል የወርቅ አገር ጽፏል። ቦታው የት እንደሆነ ምሁራን ይከራከራሉ፤ ከሚጠቆሙት ሥፍራዎች አንዱ ይኸው የቤኒሻንጉልና የፋዞግሊ አካባቢ ነው። እንደ ኮስማስ ትረካ የአክሱም ነጋዴዎች በሬ፣ አሞሌና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ የእሾህ አጥር ያጥራሉ፣ በሬዎቹን ያርዳሉ፣ ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በእሾሁ ላይ ዘርግተው ፈቀቅ ይላሉ። የአገሩ ሰው መጥቶ በወደደው ዕቃ ላይ የአተር ፍሬ የሚያህል ወርቅ ያኖርና እሱም ይርቃል። ነጋዴው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማው ትቶት ይቆማል። ባለወርቁም ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን መልሶ ይሄዳል። ቋንቋቸው አይገናኝም፣ አስተርጓሚም የላቸውም።

በዚህ ገበያ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ባለወርቁ እንቢ ማለት ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ይህ እንቢታ ደረጃ በደረጃ የተነጠቀበት ታሪክ ነው።

የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1820 እ.ኤ.አ. ሠራዊቱን ወደ ሱዳን ሲያዘምት የፈለገው ሁለት ነገር ነበር፦ ወርቅና ባሪያ። ልጁ ኢስማኢል ፓሻ ሰናርን ከያዘ በኋላ ወርቁን ፍለጋ ወደ ፋዞግሊና ወደ ቤኒሻንጉል ኮረብታዎች ዘለቀ። ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ አብሮት ነበር። የተገኘው ወርቅ ከተጠበቀው በታች ቢሆንም ተስፋው አልሞተም። በ1838 መጨረሻ መሐመድ ዓሊ በስተርጅናው ራሱ ፋዞግሊ ድረስ መጣ። ከአውሮፓም ሩሴገር የተባለው ኦስትሪያዊና ኮቫሌቭስኪ የተባለው ሩሲያዊ የማዕድን ባለሙያ እየተከታተሉ ተልከው ምድሩን መረመሩ፣ ዘገባ ጻፉ። ወርቁ ሳይበዛ ወረቀቱ በዛ። የጎደለው ወርቅ ደግሞ በሰው ተተካ፤ ከኮረብታዎቹ የተጋዙ ሰዎች ለወታደርነትና ለገበያ ወደ ሰሜን ተነዱ።

ከደጋው በኩል የመጣው ኃይልም መንገዱ ብዙ አልተለየም። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን የዳግማዊ ምኒልክን ጦር እየመሩ ቤኒሻንጉልን ያዙ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን የወሰን ውል ተፈራረሙ። በአንድ ወረቀት ላይ የተሠመረ መስመር የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎችን ለሁለት ከፈለ። ዛሬም ኩርሙክ የሚለው ስም በድንበሩ በሁለቱም ወገን አለ።

በዚህ መሐል ጎልተው የወጡት ሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን ናቸው። ለጥቂት ጊዜ አዲስ አበባ ታስረው ነበር፤ ተለቀው ሲመለሱ ግን በአሶሳ በኩል የሚወዳደራቸው ጠፋ። ለቤተ መንግሥቱ የሚገቡት ግብር በዋናነት ወርቅ ነበር። ግብሩ በወቄት ይለካል፤ አንድ ወቄት ወደ 28 ግራም ገደማ ነው። ከወርቁ ጋር ባሪያም ይሄድ ነበር። ባለቤታቸው ሲት አምና በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሰዎችን ወደ ሱዳን በመሸጥ ተከሰው በእንግሊዞች እጅ ወደቁ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን የባርነት ጉዳይ ዋና መከራከሪያ ሆኖ ነበር። ባርነት በሕግ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው።

ቅኔ የሚያውቅ ሰው የዚያን ዘመን ግብር በሰምና ወርቅ ቢፈታው ሰሙ ወርቅ፣ ወርቁ ሰው ሆኖ ያገኘዋል።

ቋንቋውም የራሱን ድርሻ ተወጥቷል። ደገኛው «ወርቅ» እያለ ልጁን ሲያቆላምጥ፣ ያንን ወርቅ ከጅረት አጥቦ ያወጣውን ሰው «ሻንቅላ» ይለው ነበር። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ማኦ፣ ኮሞ ሳይል በቆዳ ቀለም ብቻ አንድ ላይ የጠቀለለ፣ ከባርነት ተለይቶ የማይሰማ የንቀት ስም ነበር። የብረቱ ቢጫነት የውዳሴ ቃል ሲሆን የሰውየው ጥቁረት የስድብ ቃል ሆነ። ሁለቱም ቃላት ቀለምን የሚያዩ ናቸው፤ አንዱ ግን ዋጋ ጨመረ፣ ሌላው ዋጋ ቀነሰ።

አዲስ አበባም የዚህን ታሪክ ቅሪት በየቀኑ ትጠራዋለች፤ አብዛኛው ጠሪ ግን ስለማን እንደሚያወራ አያውቅም። በጉለሌ በኩል ያለው «ሸጎሌ» የሼክ ሆጀሌ ስም በከተሜ አፍ ተሟሽቶ የቀረ ነው። ሼኩ በዚያ አካባቢ ቤት ነበራቸው። «ሸጎሌ፣ ሸጎሌ!» ብሎ የሚጣራ የታክሲ ረዳት፣ ሳያውቀው፣ ከአሶሳ እስከ አራዳ የተዘረጋውን የወርቅ መንገድ ይጠራል።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ወደ ብሔራዊ ባንክ የሚገባው ወርቅ በእጅጉ ጨመረ። ቀድሞ በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረው ወርቅ ሕጋዊው ዋጋ ሲስተካከል ወደ ሕጋዊው በር ዞረ። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቶ ቡናን ቀደመ። በዚህ ውስጥ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው ወርቅ የራሱ ትልቅ ድርሻ አለው። የግብፁ አስኮም ኩባንያ ፍለጋ ባካሄደበት በኩርሙክ፣ ዛሬ አላይድ ጎልድ የተባለው የካናዳ ኩባንያ በዲሽ ተራራና በአሻሽሬ ትልቅ የማዕድን ሥራ ይዟል። የመሐመድ ዓሊ ጦር ያልተሳካለትን የምርመራ ጉድጓድና የፈቃድ ሰነድ አሳክቶታል።

አገሪቱ ዶላር ያስፈልጋታል፤ ነዳጁም፣ ማዳበሪያውም፣ መድኃኒቱም የሚገዛው በእሱ ነው። ዘመናዊ ማዕድን ያለ ትልቅ ገንዘብና ያለ ውል አይሠራም። ስለዚህ ወረቀትን መርገም መፍትሔ አይሆንም። ጥያቄው ወረቀቱ ውስጥ ማን አለ የሚለው ነው። የእንጨት ገበታ ይዛ ከጅረት ዳር ጎንበስ ብላ አሸዋ የምታጥብ ሴት፣ በክረምት በሚናድ ጉድጓድ ውስጥ የሚወርድ ወጣት፣ አባቶቹ ያጠቡበት ጅረት በካርታ ላይ የሌላ ሰው ይዞታ ሆኖ ሲያገኘው ምን ይላል? ለማንስ ይላል?

ለዚህም ቢሆን የተጻፈ ወረቀት አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ጉዳዮች ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በሌላ አነጋገር የኮስማስ የእሾህ አጥር በሕግ ተጽፏል፤ ባለወርቁ መጥቶ ዋጋውን አይቶ፣ «ጨምር» ወይም «አልፈልግም» የሚልበት ቦታ አለ። ያ ቦታ በአሶሳ ቢሮዎችና በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ በተግባር መገኘቱ ነው ዛሬ የሚያከራክረው።

አማርኛ ወርቅን ከሚያነሣባቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሚቆጠቁጠው «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው ነው። ውለታ ለዋለ ሰው የሚሰጥ ክፉ ምላሽ ማለት ነው። በሌላው አገር ይህ ምሳሌ የምሬት አነጋገር ብቻ ነው። በኩርሙክ፣ በመንጌና በሸርቆሌ ግን ቃል በቃልም ይሠራል፤ ወርቁ ተጣርቶ ሲሄድ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቆልሎ የሚቀረው ጠጠር ነው። ከጠጠሩ ጋር መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ንጹሕ ውኃና የመናገር መብት ይቀር እንደሆነ፣ ወርቁን በሚዛን ላይ የሚያኖሩት ወገኖች የሚመልሱት ነው።